ማይግሬን፣ አዩርቬዳ እና በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ዱባይ ውስጥ በአንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ክፍል የሚሠሩ የ31 ዓመት እህት ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪነታቸው ጀምሮ ግማሽ ራሳቸውን የሚፈልጥ፣ የሚያቅለሸልሽ እና ብርሃን የሚያስጠላ ሕመም አለባቸው። ቀድሞ በወር ሦስትና አራት ቀን ይመጣ የነበረው ሕመም ካለፈው ዓመት ወዲህ ከወሩ እኩሌታ በላይ ይይዛቸዋል፤ ስለዚህም ካፌይን የተጨመረበትን ፓራሲታሞል በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይወስዳሉ። ከህንዷ ኬረላ የመጣች የሥራ ባልደረባቸው አዩርቬዳ ከተባለው የህንድ ጥንታዊ ባህላዊ ሕክምና በአፍንጫ የሚጨመር የዕፅዋት ዘይት፣ ግንባር ላይ የሚንቆረቆር ሞቅ ያለ ዘይት እና አሽዋጋንዳ የሚባል የዕፅዋት ሥር ዱቄት መክራቸዋለች። ጠያቂያችን ቡና ወዳጅ ናቸው፤ ዐቢይ ጾምንም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ይጾማሉ። «ኪኒኑን ሁሉ ትቼ ማይግሬኔን በተፈጥሮ መንገድ ብቻ መቆጣጠር እችላለሁ ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

እንደ ነርቭ ሐኪም የምሰጥዎ መልስ፣ አዩርቬዳ ለማይግሬን ከሚሰጣቸው ምክሮች ውስጥ እውነተኛ ጥቅም ያለው ክፍል አለ፣ ይሁንና ያ ክፍል በጠርሙስና በእሽግ የሚሸጠው ሳይሆን ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ሰዓት፣ ስለ ትንፋሽና ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ የሚናገረው ነው የሚል ነው። ከዚያ በፊት ግን ከጻፉልን ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ያ በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን ነው። እርሱ እስካለ ድረስ የትኛውም ዘይት ወይም ሥር ፍሬ ማፍራቱን እጠራጠራለሁ።

ማይግሬን ያለበት ሰው ማስታገሻ ሲያዘወትር መድኃኒቱ ራሱ የሕመሙ መንስኤ ወደ መሆን ይሸጋገራል። ዓለም አቀፉ የራስ ምታት መለያ መስፈርት ለዚህ ችግር ወሰን አስቀምጦለታል፦ ተራ ፓራሲታሞልን ወይም አይቡፕሮፌንን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ካፌይን ወይም ኮዴይን የተቀላቀለበትን ማስታገሻ፣ ወይም ትሪፕታንና ኤርጎታሚን የተባሉትን የማይግሬን ማስታገሻዎች ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ መውሰድ። የሚቆጠረው የፍሬው ብዛት ሳይሆን ኪኒን የተወሰደበት ቀን ብዛት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ «እኔ እኮ በቀን አንድ ብቻ ነው የምወስደው» የሚሉ ሕሙማን ብዙውን ጊዜ ከወሰኑ እጅግ አልፈው ይገኛሉ። እርስዎ እንደሚወስዱት ባለው ኪኒን አንድ ፍሬ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞልና 65 ሚሊ ግራም ካፌይን አለ። ሁለት ፍሬ ሲዋጥ ከአንድ ኩባያ ቡና የማያንስ ካፌይን ይገባል፤ ይህ ካፌይን ሌሊቱን ከደም እየወጣ ሲሄድም ጠዋት ሌላ ራስ ምታት ይዞ መንቃት ይመጣል፣ ያም ሌላ ኪኒን ያስውጣል።

የማይግሬን ጠባይ ሲታወቅ የሕክምናው መንገድም ይገለጣል። ማይግሬን በቤተሰብ የመውረድ ዝንባሌ ያለው፣ ሴቶችን ከወንዶች ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን የሚያጠቃ የነርቭ ሕመም ነው። ሕመሙ ያለበት አንጎል ለውጥን አይወድም፤ እንቅልፍ ሲያጥርም ሲረዝምም፣ ምግብ ሲዘገይ፣ የወር አበባ ሲቃረብ ሆርሞን ሲወርድ፣ ከሳምንት ውጥረት በኋላ በእረፍት ቀን እንኳ ይነሣበታል። በዚህን ጊዜ ከፊትና ከአንጎል ሽፋን የሚመጣውን ስሜት የሚያደርሰው ትልቁ ነርቭ ሲጂአርፒ የተባለ ንጥረ ነገር ይለቅቃል፤ ሕመሙም ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይዘልቃል። ጨጓራም በዚሁ መካከል ሥራውን ስለሚያዘገይ፣ ሕመሙ ከበረታ በኋላ የተዋጠ ኪኒን ወደ ደም ሳይገባ ሆድ ውስጥ ይቆያል። «መድኃኒቱ አይሠራልኝም» ከሚሉት ብዙዎቹ ችግራቸው ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከሰዓቱ ነው።

አዩርቬዳ ይህን ሕመም ጥንት ያውቀዋል። በቻራካና በሱሽሩታ ስም በሚጠሩት የሳንስክሪት የሕክምና ድርሳናት ግማሽ ራስን የሚወጋ ሕመም ለብቻው ተለይቶ ተጽፏል፤ ለመነሻውም ደረቅ ምግብ ማዘውተር፣ ከልክ በላይ መብላት፣ ለነፋስ መጋለጥ፣ ከአቅም በላይ መድከም እና የተፈጥሮ ጥሪን ማፈን ተጠቅሰዋል። ማብራሪያው ቫታ፣ ፒታ እና ካፋ የሚባሉ ሦስት ኃይላት ሚዛን መዛባት ነው። እነዚህን ኃይላት በደም ምርመራም ሆነ በኤምአርአይ ያሳየኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ ማብራሪያውን አልቀበለውም። ነገር ግን ከማብራሪያው የተወለደው ዲናቻርያ የተባለው የዕለት ሥርዓት፣ ማለትም በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት፣ ዋናውን ምግብ ቀትር ላይ መብላት፣ ሰውነትን በመጠኑ ማንቀሳቀስና በጊዜ መተኛት፣ ለውጥ ለማይወድ አንጎል ከዚህ የተሻለ ሊታዘዝለት የማይችል ነገር ነው። የእኛም ክሊኒክ ምክር ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ዮጋን በተመለከተ ከምክር ያለፈ ማስረጃ አለ። በኒው ዴልሂ የሚገኘው የመላ ህንድ የሕክምና ሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት 114 የማይግሬን ሕሙማን ለሦስት ወር ክትትላቸውን ጨርሰዋል። መድኃኒት ብቻ የወሰዱት ሕሙማን ራስ ምታት በወር በአማካይ ከ7.7 ወደ 6.8 ሲወርድ፣ በመድኃኒቱ ላይ ዮጋ የጨመሩት ከ9.1 ወደ 4.7 ወርዶላቸዋል። ቁጥሩ ሕሙማኑ ራሳቸው ከመዘገቡት የተገኘ መሆኑ ጉልበቱን በመጠኑ ይቀንሰዋል፤ ቢሆንም ውጤቱን አቃልዬ አላየውም። እርስዎ ከዚህ ጥናት እንዲይዙልኝ የምፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው፦ አዩርቬዳ በተወለደበት አገር፣ ዮጋን በሚያከብሩ ሐኪሞች እጅ የተሠራው ይህ ጥናት ዮጋውን ያስገባው ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ በመድኃኒቱ ምትክ አይደለም። ዮጋ ከእምነትዎ ወይም ከጠባይዎ ጋር ባይስማማ እንኳ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም ብስክሌት በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ40 ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የስዊድን ጥናት ይህን ያህል እንቅስቃሴ ቶፒራሜት ከተባለው የማይግሬን መከላከያ መድኃኒት ጋር አወዳድሮ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት ግን እንቅስቃሴ ስለሚያባብሰው፣ በተለይም ራስን ወደ ታች የሚደፉ አቀማመጦችን ይተዉ።

አሁን ባልደረባዎ ወደ መከሩዎት ሦስት ነገሮች ልምጣ። ግንባር ላይ የሚንቆረቆረው ዘይት ሺሮዳራ ይባላል። ታካሚው ጠፍጣፋ የእንጨት አልጋ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ይተኛል፤ ከግንባሩ በላይ ሥሩ የተበሳ ማሰሮ ይንጠለጠላል፤ ለብ ያለው የሰሊጥ ዘይት ወይም የዕፅዋት መረቅ እንደ ቀጭን ክር እየወረደ ከአንዱ የግንባር ጫፍ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይፈስሳል። ጸጥ ባለ፣ ብርሃኑ በደበዘዘ ክፍል ውስጥ ስለሚሠራ ሰውነትን እንደሚያዝናና አልጠራጠርም። ማይግሬንን ለረጅም ጊዜ ይከላከላል ለማለት ግን የተሠሩት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ገንዘቡ የማይከብድዎ ከሆነ አልከለክልዎትም፤ የዱባይ ጤና ባለሥልጣን ለአዩርቬዳ ባለሙያዎች የሥራ ፈቃድ ስለሚሰጥ፣ ፈቃድ ያለው ሰው መሆኑን ጠይቀው ያረጋግጡ። የዘይቱ ሽታ ራሱ ሕመሙን የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች ስላሉ አስቀድመው ያሽትቱት።

በአፍንጫ የሚጨመረው ዘይት፣ ናስያ የሚሉት፣ ለእኛ ፍጹም እንግዳ አይመስለኝም። እናቶቻችን ምች ሲመታን ዳማከሴ አሽተው ጭማቂውን በአፍንጫችን ያደርጉልን አልነበር? የህንዶቹ ቱልሲ እንኳ የዳማከሴ የቅርብ ዘመድ ነው። በዘይቱ ላይ የማቀርበው ተቃውሞ ግን ቀላል አይደለም። በአፍንጫ የሚንጠባጠብ ዘይት ሳይታወቅ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል፤ ሲዘወተርም ዘይት የሚያመጣው የሳንባ ምች የታወቀ ጉዳት ነው። ጥቅሙ በቅጡ ያልተረጋገጠ፣ ጉዳቱ ግን የታወቀ ነገር በየቀኑ እንዲያደርጉ አልመክርዎትም። አፍንጫዎን ማጠብ ከወደዱ ጨው ያለበት ውኃ ይበቃል፤ ውኃውም ተፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ያልፈላ የቧንቧ ውኃ አልፎ አልፎ አንጎልን የሚያጠቃ ተሕዋስ ይዞ ሊገባ ይችላልና።

አሽዋጋንዳን በተመለከተ መልሴ «አይውሰዱት» ነው። ለውጥረትና ለእንቅልፍ ይረዳል የሚሉ ጥናቶች ቢኖሩም ማይግሬንን ስለ መከላከሉ የሚያሳምን ማስረጃ አላየሁም። በሌላ በኩል ጉበት ላይ ጉዳት ያደረሰባቸው ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል፤ የታይሮይድ ሆርሞንን ሊያዛባ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር አይፈቀድም። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ከገበያ አግዳዋለች። ከዚህ በታች የማነሣውን አሚትሪፕቲሊን የሚባል መድኃኒት ቢጀምሩ ደግሞ የሁለቱ የእንቅልፍ ጫና ይደራረባል።

ዱቄትና እንክብል ሲባል ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት በኢንተርኔት ከተገዙ 193 የአዩርቬዳ ምርቶች ውስጥ ከአምስቱ በአንዱ ያህል እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። ራሳ ሻስትራ በሚባለውና ማዕድን ሆን ተብሎ በሚጨመርበት ዘርፍ ደግሞ ከአሥሩ በአራቱ ተገኝቷል። ስለዚህ በእሽጉ ላይ «ብሃስማ» ወይም «ራሳ» የሚል ቃል ካዩ ወደ አፍዎ አያስገቡት። ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ነገር ወስደው ከሆነና ከራስ ምታቱ ጋር የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀትና ደም ማነስ ካለ፣ ሐኪምዎ በደምዎ ውስጥ ያለውን የእርሳስ መጠን እንዲመረምር ይንገሩ፤ የእርሳስ መመረዝ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።

ይልቅስ ከወጥ ቤትዎ የማይርቀው ዝንጅብል የተሻለ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የኢራን ጥናት 100 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ የዝንጅብል ዱቄት፣ ለግማሾቹ ከትሪፕታኖች አንዱ የሆነውን ሱማትሪፕታን ሰጥቶ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሁለቱም እፎይታ የተቀራረበ ሆኖ አግኝቶታል። አንድ ጥናት ብቻውን ክርክር አይዘጋም፤ ደግሞም ዝንጅብልን በየቀኑ ለመከላከያነት የሞከረ የብራዚል ጥናት መድኃኒት ከሌለበት ባዶ እንክብል የተለየ ውጤት አላሳየም። ስለዚህ ዝንጅብል ሕመሙ ሲጀምር የሚጠጣ እንጂ ዓመቱን ሙሉ የሚወሰድ አይደለም፤ ለማቅለሽለሹም ይረዳል። የሻይ ማንኪያ ሩብ የሚሆን ዱቄት በትኩስ ውኃ በጥብጠው፣ ሕመሙ ገና «መጣሁ» ሲል ይጠጡት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከኪኒን ሁሉ መራቅ ካልፈለጉ ሁለት ንጥረ ነገሮች አሉ። አንደኛው ቪታሚን ቢ2 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት በቀን 400 ሚሊ ግራም ለሦስት ወር ከወሰዱት ሕሙማን 59 ከመቶ የሚሆኑት ቢያንስ በግማሽ ሲሻላቸው፣ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ግን 15 ከመቶው ብቻ ተሽሏቸዋል። ጥናቱ 55 ሰዎችን ብቻ ያካተተ ነበር፤ ሽንትን ደማቅ ቢጫ ከማድረግ በቀር ጉዳቱ እምብዛም ስለሆነ መሞከሩን አልቃወምም። ሁለተኛው ማግኒዚየም ነው፤ በቀን ከ400 እስከ 600 ሚሊ ግራም ይወሰዳል፣ ሆድ ሊያስቀምጥ ይችላል፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰውም አይወስደውም።

ምግብን በተመለከተ የአዩርቬዳ ባለሙያው ጎምዛዛ፣ የቦካና የሚያቃጥል ምግብ ፒታን ያነሣል ብሎ ይከለክልዎ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ እንጀራም በርበሬም ሊቀሩ ነው! ያለ በቂ ምክንያት ከገበታዎ አያውጧቸው። ብዙ ሰው «ቸኮላት በልቼ ነው ያመመኝ» ይላል፤ ነገር ግን ማይግሬን ከመፈልጡ ከሰዓታት በፊት ማዛጋት፣ የአንገት መወጠር እና ጣፋጭ የማማር ስሜት ያመጣል። ስለዚህ ቸኮላቱ ብዙ ጊዜ የጀመረው ሕመም ምልክት እንጂ መነሻው አይደለም። አንድ ምግብ ጥፋተኛ የሚሆነው በተበላ ቁጥር ለማለት በሚያስችል መልኩ ሕመሙ በማግስቱ ሲከተለው ብቻ ነው፤ ይህንንም የሚያሳየው የሚጽፉት መዝገብ ነው።

ጾምና ቡናን አንድ ላይ የማነሣቸው አንድ ላይ ስለሚጎዱ ነው። ካፌይን የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት ይጀምረዋል። በጾም ቀን ደግሞ የጠዋቱ ቡና፣ ምግቡና ውኃው በአንድነት ይቀራሉ፤ ሙስሊሞች በረመዳን መጀመሪያ፣ አይሁድም በዮም ኪፑር የሚይዛቸው ራስ ምታት ከዚሁ ነው። እርስዎም ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ጀምረው ቡናውን በዝግታ ይቀንሱ፦ አቦል፣ ቶናና በረካ የሚጠጡ ከሆነ መጀመሪያ በረካውን፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ቶናውን ይተዉ፤ በመጨረሻም አንዷን ስኒ ከጾሙ ሰዓት በኋላ ያድርጓት፣ ነገር ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት አታልፍ። በዋዜማው ማታ ቶሎ የማይፈጭ ምግብ፣ ሽሮም ይሁን ምስር፣ ከበቂ ውኃ ጋር ይውሰዱ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጾሙ በሳምንት ብዙ ቀን የሚጥልዎ ከሆነ ግን ንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ሰዓቱን የምታቀልበት ሥርዓት አላት።

ኪኒኑን ለማቆም እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ቀርበው የሕመሙን ምንነት ያረጋግጡ፤ በዚያው ቀን የመከላከያ መድኃኒት ጉዳይ ይነሣ። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን በርካሽ የሚገኙ፣ ሱስ የማያስይዙ የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው አስም ላለበት አይሆንም፣ ሁለተኛው ማታ በትንሽ መጠን ተጀምሮ በዝግታ ይጨምራል። ካፌይን ያለበት ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ሊቆም ይችላል፤ ኮዴይን ወይም ትራማዶል የሚወስድ ሰው ግን ያለ ሐኪም አያቋርጥ። ከቆመ በኋላ ከ2 እስከ 10 ቀን ሕመሙ ብሶ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከተቻለ የዓመት ፈቃድዎን ከዚህ ሳምንት ጋር ያገጣጥሙ። ያን ጊዜ ጨለማ ክፍል፣ ግንባር ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ የዝንጅብል ውኃና እንቅልፍ አብረዎት ይሁኑ፤ በሻሽ አጥብቆ ማሰርና ጤና አዳም ማሽተትም የሚያሳርፍዎ ከሆነ ምንም አይደለም። ከዚያ በኋላ ማስታገሻ የሚወስዱበት ቀን በሳምንት ከሁለት አይበልጥ፤ ሲወስዱም ሳይዘገዩ፣ ገና ሲጀምር፣ በሙሉ መጠኑ ይውሰዱ።

ግድግዳ ላይ በሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ ሕመም ያለበትን ቀን በ«ሕ»፣ ኪኒን የወሰዱበትን በ«ኪ»፣ የወር አበባ የመጣበትን በ«ወ» ያመልክቱ፤ የሥራ ፈረቃዎንም ከጎኑ ይጻፉ። የሌሊት ፈረቃ ከቀን ፈረቃ ጋር በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ ለአሠሪዎ የሐኪም ወረቀት አቅርበው አንዱ ፈረቃ እንዲጸናልዎ መጠየቅ ከማንኛውም ዘይት በላይ ይጠቅማል። ከሦስት ወር በኋላ «ሕ» የተጻፈባቸው ቀናት በግማሽ ከቀነሱ ሕክምናው ሠርቷል ይባላል፤ ካልቀነሱ ሐኪሙ መጠኑን ወይም መድኃኒቱን ይቀይራል።

ሁለት ነገሮችን ግን በደብዳቤዎ ስላልገለጹ በሐኪሙ ፊት ያንሷቸው። ከሕመሙ በፊት ለደቂቃዎች የሚብለጨለጭ መስመር የሚታይዎ ወይም አንድ ጎን የሚደነዝዝዎ ከሆነ፣ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ለአንጎል የደም ዝውውር መቋረጥ ስለሚያጋልጥ ሌላ ዓይነት ይመረጥልዎ። እርግዝና የሚያስቡ ከሆነም ቫልፕሮየትና ቶፒራሜት የተባሉት የመከላከያ መድኃኒቶች አይታዘዙልዎ። ራስ ምታቱ በቅጽበት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፣ እጅ እግርን ያሰነፈ፣ አንደበትን የያዘ፣ ወይም ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የጀመረ ከሆነ ግን ማይግሬን ነው ብለው ቤት አይቀመጡ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።